«አያዋጣም» ለማን?

የአውቶብስ ሹፌሩ፦ እዚህ ለንደን ትናንት ቡና ላይ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ሳንባንና የምግብ መፈጨትን በወፍራም ንፍጥ ስለሚዘጋው የዘር በሽታ፣ ሲወራ አንድ ወንድማችን «ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት በዓመት ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ? አያዋጣም» አለ። ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል?

ወንድማችሁ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። እናቴ ለዳሌ ቀዶ ጥገና 14 ወር ወረፋ ጠብቃለች። የመንግሥት ሕክምና ካዝናው አንድ ነው። ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው ይቀነሳል።

ነርሷ፦ የሳንባ ዋርድ ነው የምሠራው። «አያዋጣም» ከማለትህ በፊት አልጋውን ቁጠር። ድሮ እነዚህ በሽተኞች ሳንባቸው በኢንፌክሽን በተያዘ ቁጥር ሁለት ሳምንት ይተኙ ነበር። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ ፊዚዮቴራፒ ጠዋት ማታ። ያውም ለየብቻ ክፍል፣ ጀርም እንዳይለዋወጡ። ካፍትሪዮ የሚባለው አዲሱ መድኃኒት በ2020 ከገባ ወዲህ ስማቸውን በቃሌ የማውቃቸው ልጆች ዓመት አልፎም አይመጡም።

ወንድማችሁ፦ የተረፈ አልጋ የመድኃኒቱን ዋጋ አይሸፍንም። መድኃኒት ለዋጋው ይገባል አይገባም ብሎ የሚመዝነው የመንግሥት ተቋም፣ ናይስም፣ በ2023 ውድ ነው ብሏል።

ነርሷ፦ እሱ ረቂቁ ነው። በ2024 ከኩባንያው ጋር ተስማምተው ፈቅደዋል። ጨርሰህ ጥቀስ እንጂ።

ፋርማሲስቱ፦ ሁለታችሁም ዋጋውን ከሰማይ የወረደ አድርጋችሁታል። ከካፍትሪዮ በፊት ለነበረው መድኃኒት ለኦርካምቢ በዓመት 104 ሺህ ፓውንድ የጠራው ሁለቱንም የሚሠራው ኩባንያ ቨርቴክስ ነው። ምርምሩ ሲጀመር የአሜሪካው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ፋውንዴሽን ከለጋሾች የሰበሰበውን ገንዘብ ሰጥቷል። ፋውንዴሽኑ ከመድኃኒቶቹ ሽያጭ የሚያገኘውን ድርሻ በ2014 የሸጠው በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። እዚህ ደግሞ በዋጋ ክርክር ከ2016 እስከ 2019 ልጆች መድኃኒቱን እየጠበቁ ቆዩ። «አያዋጣም» የሚባል ካለ ለኩባንያው ይባል።

የአውቶብስ ሹፌሩ፦ አገር ቤት ለኩላሊት እጥበት በየመንገዱ በማይክ ይለመናል። ከዚያ መጥተን እዚህ ስለሚታከም ሰው እንዲህ እናውራ?

ወንድማችሁ፦ አገር ቤትን እዚህ ምን አመጣው? እኔ የማወራው ስለምከፍለው ታክስ ነው።

አንዲት እናት፦ ዝም ልል ነበር። ልጄ 23 ዓመቷ ነው፤ ይሄው በሽታ አለባት። «የፈረንጅ በሽታ ነው» ስትሉኝ የኖራችሁ ታውቁኛላችሁ። የእሷ ዘረ መል ለካፍትሪዮ አይሆንም። ነርሷ እህቴ፣ ያ አልጋ ለእኛ አልተረፈም፤ ባለፈው ወርም ተኝታለች። እንጀራ ልትበላ ስትቀመጥ መጀመሪያ ምግብ የሚፈጭላትን እንክብሏን ነው የምትቆጥረው። ማታ ማታ አክታው እንዲወጣ ጀርባዋን መታ መታ አደርግላታለሁ። የመድኃኒት ክፍያም ከኪሷ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ስኳር ያለበት በነፃ ይወስዳል፣ እሷ ትከፍላለች። በነፃ የሚወስዱ በሽተኞች ዝርዝር የወጣው በ1968 ነው፤ ያኔ እነዚህ ልጆች አድገው መድኃኒት ይገዛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ነርሷ፦ ይቅርታ እህቴ። እውነትሽን ነው።

ወንድማችሁ፦ እህቴ፣ ስለ ልጅሽ አልነበረም ያልኩት።

አንዲት እናት፦ ስለ ማን ነበር ታዲያ?

ወንድማችሁ፦ ስለ ገንዘቡ ነው። የእናቴን 14 ወርስ ማን ያስረዳኝ?

ፋርማሲስቱ፦ ቨርቴክስን ጠይቅ አልኩህ እኮ።