ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሙያ ትውውቅን ከየት ይጀምር?

በኮምቦልቻ የቴክስታይል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በተሁለደሬ ወረዳ በእርሻ ከሚተዳደረው ቤተሰቤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። በእጄ ያለው ደህና ውጤት፣ የሊንክድኢን ገጽና የተግባር ልምምዴን የተከታተሉ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ስልክ ቁጥር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ቢሆንም፣ ከጥበቃው በር የሚያሳልፍ ሰው ለሌለው ቅርበቱ ፋይዳ የለውም።

ለፋብሪካዎች ማስረጃዬን በኢሜይል ልኬ መልስ አላገኘሁም። ከእኛ ቀድመው ለተመረቁ ልጆችም «ሥራ ካለ አሳውቁኝ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አብዛኞቹ ዝም ሲሉ አንዱ «ክፍት ቦታ የለም» አለኝና ወሬው እዚያው ተቋረጠ። አባቴ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም እያለ ማር ይዤ እንድሄድ ይመክረኛል፤ ለሽማግሌ ቤት የሚያምር ምክር ነው፣ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ግን ጉቦ ይመስላል።

የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ የሥራ ወሬ ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ በሩቅ ትውውቅ በኩል እንደሚደርስ አሳይቷል። የእኔ ሰዎች ግን ሁሉም የቅርብ ናቸው፦ የሰፈር ልጅ፣ የቅሬ (የእድር) ሰው፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛ። ከዚህ ክብ ውጭ የማውቃቸው ብቸኛ ሰው እኒያ የፈረቃ ኃላፊ ሲሆኑ፣ ልምምዱ ሲያልቅ «ደውልልኝ» ብለውኛል።

ሥራ ስጠኝ ባይነት ሳይመስልብኝ ትውውቁ እንዲቀጥልና ወደ ሌሎች ባለሙያዎች እንዲያደርሰኝ፣ በመጀመሪያው ስልክ በትክክል ምን ብዬ ልጠይቃቸው?