ሃይድሮጂን ከባሕር ዛፍ፦ ሬንጁ አስቸግሮኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ለመመረቂያ ሥራዬ የባሕር ዛፍ ስብርባሪ በእንፋሎት ወደ ጋዝ እየቀየርኩ ነው። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው፤ አየር አይገባም። 800 ዲግሪ ላይ ጥሩ ይጀምራል። እንፋሎት ስጨምር ግን ሙቀቱ ይወርዳል። ከሰልና እንፋሎት ሲዋሃዱ ሙቀት እንደሚወስዱ አውቃለሁ፤ የከበደኝ ተከትሎ የሚመጣው ሬንጅ ነው። መውጫ ቱቦው ውስጥ ጥቁር፣ ማር የመሰለ ነገር ይጋገርና መንገዱን ጥርቅም ያደርገዋል። ኦስትሪያ፣ ጉሲንግ የነበረው እንጨትን ወደ ጋዝ የሚቀይር ጣቢያ ሬንጁን ለመቀነስ ኦሊቪን ከሚባል ማዕድን የሆነ አሸዋ ይጠቀም ነበር፤ ደረቅ ጋዙም (እንፋሎቱ ሳይቆጠር) ወደ 40 በመቶ ሃይድሮጂን ነበረው። እኔ ኦሊቪን ከየት ላምጣ? በሙቀት የተቃጠለ ዶሎማይት (የኖራ ድንጋይ የመሰለ ድንጋይ) መውጫው ላይ ባደርግ ይሠራል? ወይስ ማሞቂያው ውስጥ ካለው አሸዋ ጋር ልቀላቅለው? ቶሎ ደቅቆ እንዳያስቸግረኝ ነው ፍርሃቴ። እንፋሎቱንስ ሳላስገባው በፊት ስንት ዲግሪ ላድርሰው? የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።