የጨረር ሕክምና ክፍል ግድግዳ ሥር መቀመጥ ለነፍሰ ጡር ያሰጋል?

የሜክሲኮዋ፦
ሰላም ናችሁ? እማዬ ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ጀምራለች። ከሜክሲኮ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ተራ ስንጠብቅ ግድግዳ ሥር ነው የምቀመጠው። ቀይ መብራቱ ሲበራ ሆዴን በነጠላ እሸፍናለሁ። ጨረሩ ግድግዳ አልፎ ይመጣል? ማታ አብረን ስንተኛስ ከእሷ ወደ ልጄ ይተላለፋል? ጎረቤቶች «አትጠጊያት» ይሉኛል። እሷም ሰምታ ነው መሰለኝ ብርጭቆዋን ለብቻ ማስቀመጥ ጀምራለች።

ሜዲካል ፊዚሲስት፦
እህቴ፣ እኔ የጨረር ማሽኖቹንና የክፍሎቹን ደኅንነት የምፈትሽ ባለሙያ ነኝ። ከእናትሽ ልጀምር። እቀፊያት፣ አብረሻት ተኚ። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲቆም ያበቃል፤ ሰውነቷ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ብርጭቆዋንም ከሌሎቹ ጋር መልሺላት።

ነጠላውም አያስፈልግሽም። ዋናው ጨረር የሚያርፍበት ግድግዳ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ኮንክሪት ነው። በ6 ሜጋቮልት ማሽን (ሜጋቮልት የጨረሩ ጉልበት መለኪያ ነው) የመጀመሪያው 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጨረሩን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ከዚያ በየ33 ሳንቲ ሜትሩ እንደገና አንድ አሥረኛ ይሆናል። 2 ሜትሩን ሲጨርስ ከሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ቢቀር ነው። የቀሩት ግድግዳዎች ሳሳ ይላሉ፤ እነሱ ላይ የሚደርሰው ከታካሚው ሰውነት የተበተነውና ከማሽኑ ራስ የሚያመልጠው ብቻ ነው።

ብዙ ክፍሎች መግቢያቸው የታጠፈ ኮሪደር ነው። ሆን ተብሎ ነው። ጨረር እንደ ውሃ ጥግ ዞሮ አይፈስም። ግድግዳ እየመታ ሲበተን በየምቱ ይዳከማል፤ በሩ ጋ ሲደርስ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራ ስስ ንጣፍ ይበቃዋል። ከ10 ሜጋቮልት በላይ ከሆነ ግን ኒውትሮን የሚባል ሌላ ዓይነት ጨረርም ስለሚፈጠር እሱን የሚያስቀር፣ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ፕላስቲክ በሩ ላይ ይጨመራል።

የግድግዳው ውፍረት ስሌት የሚሠራው እንደ አንቺ ውጭ የሚቀመጥ ሰው በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረር መለኪያ) በላይ እንዳያገኘው ነው። በወረቀት ብቻም አናምንም። በታካሚው ቦታ ውሃ የሞላ ዕቃ አስቀምጠን፣ ማሽኑን አስነስተን፣ ውጭውን መለኪያ ይዘን እንዞረዋለን።

አስታማሚ፦
የአጎቴ ሚስት ለታይሮይድ የሚዋጥ አዮዲን ወስዳ «ከነፍሰ ጡርና ከሕፃን ራቂ» ተብላ ነበር። ያስ?

ሜዲካል ፊዚሲስት፦
ልክ ናቸው፣ እሱ ሌላ ነው። አዮዲን 131 የሚባለው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቆያል፤ በራሱ በግማሽ የሚቀንሰው በ8 ቀን ነው። ጎረቤቶችም የሰሙት እሱን ሊሆን ይችላል። የሜክሲኮዋ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ እናትሽ እንደገና ሲቲ (በራጅ ጨረር የሚነሳ ምስል) ብትታዘዝና «ገብተሽ ደግፊያት» ብትባዪ፣ እርጉዝ መሆንሽን ንገሪያቸው። ሌላ ሰው ይግባ።