የድሮውን ልተወው ወይስ ልጨርሰው? ሲሲኤንኤ ላይ ግራ ገብቶኛል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ያለሁት ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ለሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ሙያ ፈተና) እየተዘጋጀሁ ነው። ቀን ሥራ ስላለኝ የማጠናው ማታ ብቻ ነው።

የተማርኩበት ማሠልጠኛ የሰጠን ሞጁል የድሮ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፍሬም ሪሌይ (የድሮ የረጅም ርቀት ኔትወርክ ማገናኛ)፣ ሪፕ እና ኢአይጂአርፒ (ራውተሮች የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡባቸው ፕሮቶኮሎች) ላይ ፈጀሁ። በኋላ የአሁኑን ሲሲኤንኤ፣ የ200-301ን የፈተና ዝርዝር ሳየው ሦስቱም የሉም! እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቀየር ከዳይናሚክ ራውቲንግ (ራውተሮች መንገድን ራሳቸው ከሚማሩባቸው ፕሮቶኮሎች) ፈተናው ውስጥ ያለው ኦኤስፒኤፍ ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ ኤሪያ (ራውተሮቹ ሁሉ በአንድ ክፍል ሆነው)። በምትኩ አውቶሜሽን (ኔትወርክን በፕሮግራም ማስተዳደር)፣ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት)፣ ጄሰን (የዳታ አጻጻፍ ፎርማት) ገብተዋል። እነዚህን አንድም ቀን ነክቻቸው አላውቅም።

ራውቲንግ ቴብል (የራውተሩን የመንገዶች ሠንጠረዥ) ማንበብ ግን አሁንም ይጠየቃል። ስለዚህ የኢአይጂአርፒን 90 እና የሪፕን 120 አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (ራውተሩ የትኛውን የመንገድ ምንጭ ይበልጥ እንደሚያምን የሚለይበት ቁጥር) መያዝ ያለብኝ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? ወይስ እሱንም ልተወው?

ሌላው፣ መሥሪያ ቤታችን ያለው አሮጌ ራውተር እስከ ዛሬ በሪፕ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ጨርሶ መጣል የከበደኝ። ለሥራዬ ያስፈልገኛል፣ ለፈተናው ግን ጊዜ ይበላብኛል።

በቅርብ የተፈተናችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። አውቶሜሽኑን ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው ከየት ይጀመራል? ለኦኤስፒኤፍስ ፓኬት ትሬሰር (የሲስኮ የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር) ላይ ምን ምን ልሥራ? ሐዋሳ ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ አብረን ብናጠና ደስ ይለኛል።