የእንጀራ ጋገራ፣ ሁለት ልጅና የማታ ትምህርት፦ ሰዓቱን እንዴት ላብቃቃው?

የሁለት ልጆች እናት
ከባለቤቴ ጋር ቤታችን ውስጥ በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገርን ለምግብ ቤቶች በቀን 120 ያህል እንጀራ እናቀርባለን። ትልቁ ልጅ 7 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና በዳዴ ላይ ናት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለምንጀምር ጠዋት ሁለታችንም ደክመን ነው ልጅ የምናዘጋጀው። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የማታ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት መግባት እፈልጋለሁ። ሰዓቱን ምን ላድርገው? ብሩስ ከቤት ወጪ እንዳይደባለቅ ምን ይሻላል?

አብሲት
እህቴ፣ ሌሊት የሚያስነሳሽ አብሲት (ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ በስሎ ተመልሶ የሚጨመረው) የምትጥይበት ሰዓት ነው። ሊጥ አብሲት ሳይጣልበት ይታገሳል፤ ከላይ የሚቆመውን የእርሾ ውሃ እያጠለልሽ ንጹህ ውሃ ብትቀይሪለትና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ብታስቀምጪው ግማሽ ቀን ቢዘገይ አይጎዳም። አብሲት ከተጣለበት በኋላ ግን በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ኩፍ ይላል። ያኔ ካልተጋገረ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል፣ እንጀራውም አይን አያወጣም። ስለዚህ አብሲቱን ወደ ልጆቹ ሰዓት አምጪው።

ልጆቹ ተኝተው ሳለ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሊጡ አንድ አስረኛ ያህል ቀንሰሽ በፈላ ውሃ እያማሰልሽ አብስዪ። ወፈር ሲል አውርደሽ ለብ እስኪል ጠብቂ። እዚህ ላይ መቸኮል ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፤ ትኩሱን የገለበጠች እርሾውን ገደለችው። ጣትሽን ከተሽ ካላቃጠለሽ 12፡45 ላይ ጨምሪው። ከዚያ ቁርስ፣ ዩኒፎርም፣ ምሳ ዕቃ። ልጁ 1፡45 ሲወጣ ሊጡ ኩፍ ማለት ጀምሯል፤ 2፡15 ላይ ምጣዱን አሰሺና ጀምሪ። ምጣዱ መልሶ እስኪግል ጨምሮ ለአንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ብትይዢ በሁለት ምጣድ በሰዓት 40 ይወጣል፤ 120ው በሦስት ሰዓት ያልቃል፣ ለምሳ ይደርሳል። እንፋሎቱ ሳይወጣ በፕላስቲክ አትጠቅልዪው፣ ያልበውና ቶሎ ይሻግታል።

ቡኮው የማታ ነው፤ አንቺ ክፍል ስትሆኚ የባለቤትሽ ሥራ ይሁን። ሦስት ክዳን ያላቸው በርሜሎች ያዙና የተቦካበትን ቀን ጻፉባቸው። አዲስ አበባ በክረምት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ሲሞቅ ሁለት ይበቃል። የጥናትሽ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ነው። ሊጥ ኩፍ እስኪል እያጠናሁ እጠብቃለሁ አትበዪ፤ ያ ሰዓት የልጆቹ ነው።

ኤሌክትሪሻን
በዳዴ የምትሄድ ልጅ ካለች ጋገራው ክፍል በር ላይ እስከ ደረት የሚደርስ ተቆላፊ መዝጊያ ይሠራ። ምጣድ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል፤ አክንባሎውን ገጥማችሁ ተዉት፣ ገመዱም ወደ ታች አይንጠልጠል፣ ልጅ ይስበዋል። አክንባሎ ስትከፍቱ በሩቁ ጠርዝ በኩል ይነሳ፣ እንፋሎቱ ፊት አይምታ። ልጅ ከተቃጠለች ወዲያው ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ፈጽሞ አይቀባ።

አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሁለቱ በአንድ ሶኬት ላይ ከተሰኩ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለእያንዳንዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ገመድ፣ 20 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው።

ደብተር ያዥ
ስለ ብሩ፦ የሥራው ብቻ የሆነ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፤ ምግብ ቤቶቹም በዚያ ብቻ ይክፈሉ። ለሁለታችሁም ወር ጠብቆ የሚከፈል ደመወዝ ቁረጡ፤ ዳይፐር፣ የትምህርት ቤት ክፍያና እቁብ ከደመወዝ እንጂ ከጤፍ መግዣው አይነካም። ጤፍ ሲወደድ ሥራው የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ መግዣው ቀስ በቀስ ስለተበላ ነው።

ከ1 ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ በየሳምንቱ ለኩ። በ5 እና በ6 መካከል ከሆነ ለ120 እንጀራ ከ20 እስከ 24 ኪሎ ይበቃል፤ ቁጥሩ ከወረደ ወይ ሊጡ ወፍሯል፣ ወይ እንጀራው ሰፍቷል። ዱቤ ከአንድ ሳምንት አይለፍ።

ለጋገራ ረዳት ስትቀጥሩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ዕድሜዋ ከ15 በታች መሆን አይችልም። ከወለደች ደግሞ በደመወዝ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ዕረፍት አላት፤ ይህንን ከወዲሁ አስቡበት።

የሁለት ልጆች እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ችግር ቀረ፤ ሁለቱ ምግብ ቤቶች ለቁርስ ፍርፍር በጠዋት እንጀራ ይፈልጋሉ።

አብሲት
ለፍርፍር የሚሻለው ያደረ እንጀራ ነው፤ ትኩሱ ቁሌት ውስጥ ሲገባ ይላቆጣል። ዛሬ ከጋገርሽው የነሱን ድርሻ ለይተሽ አቀዝቅዢና ማታ ባለቤትሽ ያድርስላቸው። ለምሳ የሚፈልጉትን ከሌሎቹ ጋር በማግስቱ 5፡30 ላይ ውሰጂላቸው።