የእንጨት እቃቃ፦ ቬልክሮው ለምን ይላቀቃል?

የመንታ እናት፦
ለ2 ዓመት ተኩል ልጆች እቃቃ፣ በእንጨት ቢላ የሚከተፍ ካሮትና ቲማቲም ከዋንዛ ተሠርቶ የምግብ ዘይት ተቀብቷል። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ባለ ሙጫ ቬልክሮ (ሻካራውና ለስላሳው ገጽ ሲገጠሙ የሚያያዘው ጥብጣብ) ግን በሁለት ቀን ይነሳል፣ እንጨቱም እጅ ላይ ይጣበቃል። በማግኔት ቢተካስ?

ዋንዛ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የዘይቱ ነው። ሙጫው የያዘው ዘይቱን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ካሮት ደግሞ የሚቆረጠው እንጨቱን አግድም ስለሆነ ያ ፊት ዘይትም ሙጫም ይመጥጣል።

ፊቱን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ደረቅ እንጨት እስኪወጣ ፈግፍጊ። መሃሉን 16 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊሜትር ጥልቀት አጎድጉጂ፤ ቬልክሮው ጠርዙ ሲደበቅ በጥፍር አይነሳም። ሙጫ የሌለውን፣ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ግዢና በሁለት ቱቦ መጥቶ በሚቀላቀለው ኢፖክሲ ሙጫ ለጥፊው። ስስ አድርጊ፤ ከበዛ በጀርባው ሰርጎ መንጠቆዎቹን ያደርቃቸዋል። ጭነሽበት 24 ሰዓት ይቆይ። ሻካራው ሁልጊዜ በግራ፣ ለስላሳው በቀኝ ይሁን፤ ያኔ የካሮቱ ጫፍ ቲማቲሙንም ይገጥማል (ልጆች በጣም የሚስቁበትም ይሄ ነው)። ፊቱን በሙሉ ቬልክሮ ካለበስሽው ግን የልጅ ጉልበት አይለየውም።

ቅባት ሁልጊዜ ከማጣበቅ በኋላ።

ተልባ፦
ከላይ ባለው ላይ፦ የምግብ ዘይት አብዛኛው አይደርቅም፣ ይሻግታል። የሚደርቀው የተልባ ነው፤ ግን ከቀለም መሸጫ "የተፈላ" የሚባለውን አትውሰጂ፣ ማድረቂያ ኬሚካል አለበት። በስሱ ቀብተሽ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጊ፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ አትጣይው፣ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

ማግኔት ግን በፍጹም። ሁለት ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ተሳስቦ ይበሳል። ለቁርጥራጭ መጠንም መለኪያ አለ፦ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው አጭር ቱቦ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር አይሰጥም። የካሮቱን ጫፍ ረዘም አድርገሽ ቁረጪው።

የመንታ እናት፦
እንጀራውስ ከኮምፐርሳቶ ይሆናል?

ዋንዛ ወዳጅ፦
አይሆንም፣ ስሱ ኮምፐርሳቶ ጠርዙ ይሰነጠርና እሾህ ያወጣል። ሳይጠቀለልና ሳይቆረስ ደግሞ ምኑን እንጀራ ሆነ? ከወፍራም ጨርቅ 20 ሴንቲሜትር ክብ ቁረጪ፣ ከዳሩ አንድ ጉርሻ የሚያህል ቆርጠሽ በዚያው ቬልክሮ መልሺው። እዚህ ላይ ግን ሙጫ ሳይሆን በመርፌ ስፊው፤ ይታጠባልና።