የቪክትሮላዬ ክዳን ከሳጥኑ ጋር የተሠራ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ?

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ ግራሞፎን የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

የምኖረው ፊላደልፊያ ነው። ከአንድ አሮጌ ቤት ቪክትሮላ የሚባል የድሮ ግራሞፎን ገዛሁ። ወንዙን ተሻግሮ ካምደን ውስጥ በቪክተር ኩባንያ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው የብረት ሰሌዳ ሞዴል 16 ይላል። አባቴ ሸክላ እያስደመጠን ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ዕቃው ለእኔ ተራ አይደለም።

ኩባንያው ድምፅ የሚወጣበትን ጡሩምባ ሳጥን ውስጥ የደበቀው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ክዳን ጠፍጣፋ ነበር፤ ሸክላ ለመቀየር እጅን ወደ ውስጥ መስደድ ግድ ነበር። ኋላ ክዳኑ ጎበጥ አለ፣ ሸክላው የሚሽከረከርበት ሳህንም ከፍ አለ። የእኔም ጎባጣ ነው።

ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? ሳጥኑ ቀይ ማሆጋኒ ነው፣ የእንጨቱ መስመር እንደ ውሃ ይዞራል። የክዳኑ እንጨት መስመር ግን ቀጥ ያለ ነው። ማጠፊያዎቹ ነጭ ኒኬል፣ የቀረው ብረት በሙሉ ወርቅ ቅብ። ከማጠፊያው አጠገብ ደግሞ በስቱኮ የተደፈኑ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አገኘሁ።

ክዳኑ ከሌላ ሞዴል መጥቶ ይሆን? ወይስ በዓመታቱ መካከል ማጠፊያው ቦታ ቀይሯል? የቱን ልለካ፣ የቱን ፎቶ ላንሳ?

አንድ አናጢ "ፍቀህ አዲስ ቫርኒሽ ቀባው" አለኝ። እኔ ግን ልቤ እንቢ አለ። በተደበቀ ጥግ ላይ አልኮል የነካ ጥጥ ባሳርፍበት ጥጡ ቡናማ ሆኖ ተነሳ፤ ሼላክ የሚባለው፣ በአልኮል የሚሟሟ የድሮ ቅብ ይመስለኛል። ሳልፍቅ የማጸዳበትን ዘዴ የምታውቁ ንገሩኝ።